«ጠንክር!» ከማለታችን በፊት

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ለስፖርት ሳይንስ ተማሪ አዲስ ነገር አይመስልም። ከእንቅስቃሴ በኋላ ስለሚሰማን ሕመም ነው። «ስፖርት ሠርቶ ያልደከመ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ አንድ የክፍላችን ልጅ እስኪታመም ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን በፕራክቲካል የ12 ደቂቃ ሩጫ ተፈተንን። ይህ ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ ቆመ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ያለከልካል። እኛ ከዳር ሆነን «ጠንክር! አይዞህ! ወንድ አይደለህ እንዴ!» እያልን እንጮሃለን። ልጁም አላሳፈረንም፤ እየተራመደም እየሮጠም ጨረሰ። «ከቆላ ስለመጣ ነው፣ አየሩን ሲለምደው ይተወዋል» ብለን አለፍነው። ማታ ዶርም ውስጥ ጋቢውን አጣጥፎ ትራሱ ላይ ይደርብና ቁጭ እንዳለ ያህል ሆኖ ነበር የሚተኛው። በጀርባው ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚህም ቀለድንበት፤ «ጌታው በዙፋን ነው የሚተኙት» እያልን። ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ እግሩ አበጠ። ሆስፒታል ሄዶ ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደም ከሚያሳልፉት የልብ ቫልቮች አንዱ ጠቦ ተገኘ። በልጅነቱ የያዘው ቶንሲል ጥሎበት የሄደ ጠባሳ ነው ተባለ።

ዛሬ ልጁ በሕክምና ክትትል ላይ ነው፤ ደህና ነው፤ ትምህርቱንም በሌላ ዲፓርትመንት ቀጥሏል። እኔን ግን አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ስለ ሰው አካል የምንማረው እኛ ነን፤ ምልክቱን በዓይናችን እያየን የጮህንበትም እኛው ነን። ስለዚህ ጤናማውን ድካም ከሕመም እንዴት እንለያለን፣ መቼስ ነው ሐኪም ጋ መሄድ ያለብን የሚለውን እስካሁን ከተማርኩትና ካነበብኩት ላካፍላችሁ።

ጤናማ ድካም ምን ይመስላል?

ስንሮጥ ጡንቻዎቻችን ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ሰውነት እንዳይግል ላብ ይወጣል። ስናቆም ደግሞ ሁሉም ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ከሁሉም ቶሎ የሚታየው የልብ ምት ነው። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ ምቱ ከ12 በላይ ካልቀነሰ ሐኪሞች በጥሩ ዓይን አያዩትም። በጤነኛ ወጣት ላይ ከዚያ በብዙ ይቀንሳል። ለመለካት ማሽን አያስፈልግም፤ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ ለ15 ሰከንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ነው። አንድ ቀን የተገኘ ቁጥር ብቻውን በሽታ አለ ወይም የለም አያሰኝም። ነገር ግን ደህና በሆናችሁበት ጊዜ የራሳችሁን ልክ ካወቃችሁ፣ የተለየ ነገር ሲመጣ ትለዩታላችሁ።

በማግስቱ የሚመጣው የጡንቻ ሕመምም ጤናማ ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና እየለቀቀ ይሄዳል። ብዙዎቻችን «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» እንላለን። ይሄ የተለመደ ስህተት ነው። ላክቲክ አሲዱ እንቅስቃሴው ካቆመ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጸዳል። የማግስቱ ሕመም የሚመጣው ጡንቻው ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ ከሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ለመጠገን ሰውነት ከሚያደርገው ሥራ ነው። ቁልቁለት ሮጠን ወይም ቁጭ ብድግ አብዝተን ስናድር የሚብስብንም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን ራሳችንን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። አንደኛ፣ ድካሙ ከሠራሁት ሥራ ጋር ይመጣጠናል? ሁለተኛ፣ በዕረፍት፣ በምግብና በእንቅልፍ እየቀለለ ይሄዳል? ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት የማውቀው ዓይነት ድካም ነው? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ነገሩ ድካም ነው። አንዱ «አይ» ካለ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠሩ ቀላል ምክንያቶች

ሁሉም መጥፎ ስሜት ሆስፒታል አያስኬድም። በኛ ግቢ ኑሮ ውስጥ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ባዶ ሆድ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ የማይቀምስ ተማሪ ጠዋት ከባድ ፕራክቲካል ቢገባ፣ ማዞር፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጨለም ሊያጋጥመው ይችላል። ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ሌሊቱን ሲቀንስ ያድራል፤ ሩጫው ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። መፍትሔው ጾም መፍታት አይደለም፤ ከባዱን ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት ማስጠጋት፣ ጠዋት ላይ ቀለል ያለውን መሥራት ነው። በዚህ ረገድ መምህሮቻችንም ፕሮግራም ሲያወጡ ቢያስቡልን ደስ ይለናል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ተማሪ ግን በጾም ሰዓት ከመሮጡ በፊት የግድ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም 21 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከምናገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ልጅ ቢያለከልክ እውነት አለው። ልብ በሉ ግን፤ ይሄ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ እየተሻለ የሚሄድ ነገር ነው። ከወር በኋላ እየባሰ የሚሄድ ትንፋሽ ማጠር በአየሩ አይሳበብም። እኛ በጓደኛችን ላይ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ምክንያታችን ለመጀመሪያው ሳምንት ልክ ነበር፤ ለሦስተኛው ወር ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ሙቀትና ውኃ ነው። ውኃ ማነስ ራስ ምታትና ድካም እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይወራው ግን ውኃ መብዛቱም እንደሚጎዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ከላባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ በግድ አትጋቱ። ከሩጫ በኋላ ውኃ በብዛት ጠጥቶ ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰውና ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ተጨማሪ ውኃ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ ስለ ምች ሳላነሳ አላልፍም። ፀሐይ ላይ ልምምድ ሠርቶ ማታ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ልጅ «ምች መትቶህ ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይፈለግለታል። ክርክሬ ከዳማከሴው ጋር አይደለም፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በሱ ነው። ክርክሬ ከሚባክነው ቀን ጋር ነው። ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ምች ሲጀምሩ ልክ እንደዚያው በትኩሳትና በራስ ምታት ሊሆን ይችላል። በተለይ ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ደሙን በዕለቱ መታየት አለበት።

ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት የዛሬ ሌሊት ሩጫ የሚያስፈልጋቸው አይደሉም፤ ግን «ፈተና ሲያልቅ» ተብለው የሚቀጠሩም አይደሉም። በዚያው ሳምንት ክሊኒክ መታየት ይገባል።

አንደኛ፣ በፊት በቀላሉ ይሠራ የነበረው ሥራ አሁን የሚያስለከልከው ሰው። አምና ሦስተኛ ፎቅ ሳይቆም ይወጣ የነበረ ዘንድሮ አንደኛው ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ተጋድሞ መተኛት ካቃተው፣ ማታ ትንፋሽ አጥሮት ከእንቅልፉ የሚነቃ ከሆነ ልቡ መታየት አለበት። በአገራችን በወጣቶች ላይ ከሚታዩት የልብ ሕመሞች ዋነኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ኢንፌክሽን ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ በስህተት የራሱን የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ዓመታት ይቆይና ልብ ጠንክሮ መሥራት ሲኖርበት፣ በሩጫ ወይም በእርግዝና ጊዜ፣ ራሱን ይገልጣል። ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥረው ከእግርና ከሆድ የሚመለሰው ደም ስለሚጨምር ነው፤ የጠበበው ቫልቭ ያንን ማሳለፍ ስለማይችል ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል። የጓደኛችን «ዙፋን» ትርጉሙ ይሄ ነበር። ቀድሞ ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ መከላከል ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የደም ማነስ። ፊት መገርጣት፣ ትንሽ ሲሠሩ ልብ መምታት፣ ቶሎ መድከም ምልክቶቹ ናቸው። የወር አበባቸው የሚበዛ ሴት ተማሪዎች፣ ወባ የደጋገመው ወይም የአንጀት ትል ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሩጫ በኋላ ደረት ሲጨንቅ፣ ትንፋሽ ሲያፏጭና ደረቅ ሳል ሲመጣ አስም ሊሆን ይችላል። አስም ማለት ስፖርት ማቆም ማለት አይደለም። ለዚህ ከኃይሌ ገብረሥላሴ የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግን የአየር ብክለት ለአስሙ ፈርቶ የኦሊምፒኩን ማራቶን አልሮጥም አለ፤ በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ተወዳድሮ ስድስተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ወር፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሰው ሰነፍ ነበር የሚል አለ? ሰውነቱን ሰማ እንጂ።

አራተኛ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል። ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ከተጨመረበት ደግሞ የቲቢ ምርመራ ግድ ነው። ይሄ በአንድ ዶርም ለምናድር ሁላችንም ጉዳይ ነው።

አምስተኛ፣ ከትኩሳት ወይም እንደ ኮቪድ ካለ በሽታ በኋላ አልመለስ የሚል አቅም። ትኩሳት እያለ መሮጥ ክልክል ነው፤ አንዳንድ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ፣ ሩጫው ደግሞ ያባብሰዋል። ሌላም አለ። ከቀላል እንቅስቃሴ በኋላ በዕለቱ ደህና ይሆንና በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ክፉኛ የሚጥል ድካም፣ የአእምሮ መደንዘዝና የሰውነት ሕመም ያለበት ሰው አለ። በዚህ ጊዜ «እየሠራህ ይለቅህ» የሚለው ምክር ይጎዳል። አቅምን መጥኖ መሥራትና ሐኪም ማማከር ነው የሚበጀው።

ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ

የሚከተሉት ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም።

እየሮጡ ራስን ስቶ መውደቅ ከሁሉም የከፋው ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንያዝ። ውድድር ጨርሶ በድንገት ቀጥ ብሎ የቆመ ሯጭ ደሙ እግሩ ላይ ቀርቶበት ሊወድቅ ይችላል። አስተኝተን እግሩን ከፍ ስናደርግለት ቶሎ ይነቃል። ስለዚህም ነው ከሩጫ በኋላ ተራመዱ የሚባለው። በሩጫው መሐል የወደቀ ሰው ግን ቢነቃም እንኳ ልቡ ሳይመረመር ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ወይም ሥርዓት የሌለው የልብ ምት ከማዞር ጋር ሲመጣም እንደዚያው። በቤተሰቡ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው ደግሞ ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር።

ጁን 26 ቀን 2003 ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ በሊዮን ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት ማንም ሳይነካው ወደቀ፤ ሊያድኑት አልቻሉም። ዕድሜው 28 ነበር። ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ያለ ልክ ወፍሮ ተገኘ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። ጁን 12 ቀን 2021 ደግሞ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ደረቱን መግፋት ጀመሩ፣ ዲፊብሪሌተር የሚባለው በኤሌክትሪክ ንዝረት የልብን ምት የሚመልስ መሣሪያም ቅርብ ነበር። ተረፈ፤ በ2022 የዓለም ዋንጫም ተጫወተ።

ሌላው አስቸኳይ ምልክት የሽንት ቀለም ነው። ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ሁለት መቶ ቁጭ ብድግ ከሠራ በኋላ ጡንቻው አብጦ፣ ከልክ በላይ አሞት፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ የተጎዳው ጡንቻ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊቱን እያጨናነቀ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ «ማስታገሻ ልዋጥ» ብሎ ዲክሎፌናክ መውሰድ ኩላሊቱን ይብስ ይጎዳል። ቀጥታ ሆስፒታል!

ሦስተኛው በሙቀት ውስጥ የሚመጣ መቀባዠር ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ በቀን ሲሮጥ ቆይቶ የሚንገዳገድ፣ የማይሆን ነገር የሚናገር፣ ሰውነቱ እንደ እሳት የሚፋጅ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። መኪና እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው።

ሰው ሲወድቅ

በኛ አገር ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ ነው። ልብ በሉ፤ ልቡ የቆመ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሊንፈራገጥ፣ አልፎ አልፎም እንደ ማንኮራፋት ሊተነፍስ ይችላል። ክብሪቱ ልብ አያስነሳም፤ ደቂቃ ይበላል እንጂ። ዲፊብሪሌተር ሳያገኝ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ ደረት መግፋት ግን ይህንን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሲጠሩት የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ሌላው በሁለት እጁ የደረቱን መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየጫነ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይግፋ። ሲደክመው ሌላው ይተካው። ይህንን አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ብንለማመደው ከብዙ ሌክቸር ይበልጥ ይጠቅመናል ባይ ነኝ።

ለሐኪሙ ምን እንበል?

ክሊኒክ ገብቶ «ደከመኝ» ብቻ ማለት አይረዳም፤ ቫይታሚን ይዞ መመለስን ያስከትላል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ንገሩ፦ ምን እየሠራሁ ነበር፣ በስንተኛው ደቂቃ ጀመረኝ፣ ስንት ጊዜ ቆየ፣ ስተኛ ይብሳል ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ በቤተሰብ ምን አለ፣ ምን መድኃኒት እወስዳለሁ። ትኩሳትና ወባ ብቻ ታይቶ ሲመለስና ምልክቱ ሲቀጥል ተመልሶ መሄድ መጨቅጨቅ አይደለም። ሐኪሙ በጆሮው ልብን እንዲያዳምጥ፣ ካስፈለገም የልብ ኢሲጂና አልትራሳውንድ እንዲያዝ መጠየቅ መብት ነው።

በመጨረሻም፣ ነገ እኛው አሠልጣኝና የስፖርት መምህር ሆነን ፊሽካ ይዘን ሜዳ ዳር እንቆማለን። ከፊታችን አርባ ሃምሳ ልጆች ይሮጣሉ። ከነሱ መካከል አንዱ ሲቆም ሰነፉ የቱ፣ የታመመው የቱ እንደሆነ ፊቱ ላይ አይጻፍም። ለመለየት ያለን መንገድ መጠየቅ ብቻ ነው። ጓደኛችን ያን ጠዋት ሦስተኛው ዙር ላይ ሲቆም አርባ ሰው «ጠንክር!» አለው። «ምን ተሰማህ?» ያለው ግን አንድም አልነበረም። ብንጠይቀው ኖሮ ይነግረን ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ሊነግረን ሲሞክር ነበርና።

መልካም የልምምድ ጊዜ ይሁንላችሁ። ቸር እንሰንብት!